ልቦለዱ ያው፣ ፍርዱ ሌላ፦ ስለ ትዳር የተጻፉ ልቦለዶች ሐሳባችንን ለምን ያስቀይሩናል?

ስለ ትዳር የሚተርክ ልቦለድ መነጋገሪያ በሆነ ቁጥር ክርክሩ ሳይውል ሳያድር አንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ ደራሲው ትዳርን ደገፈ ወይስ አጣጣለ? ቀጥሎ ጎራ መለየት ይመጣል። አንዱ ለባል፣ ሌላው ለሚስት ይሟገታል። በዚህ መሀል ብዙም ልብ የማይባል ነገር አለ፤ ያው አንድ ተከራካሪ መጽሐፉን ሲያጋምስ የነበረው አቋም ሲጨርሰው አብሮት የለም። ግማሹ ላይ «እንዴት ያለች ታጋሽ ሴት!» ያላትን ሚስት መጨረሻው ላይ «መሰሪ» ይላታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጽሐፉን መልሶ ሲያነሳው ደግሞ «ምን ታድርግ?» ማለት ይጀምራል።

ይህን መገለባበጥ አንዳንዶች በአንባቢው ያሳብባሉ፤ አስተውሎ ቢያነብ ኖሮ ከመጀመሪያው ይገባው ነበር ይላሉ። ሌሎች ደራሲውን ይከስሳሉ፤ መረጃ ደብቆ አታለለን ይላሉ። ሁለቱም ክሶች ጥቂት እውነት አላቸው። ዳሩ ግን የዘመኑ የትዳር ልቦለድ ብዙ ጊዜ የሚሠራው አንባቢው ቸኩሎ እንዲፈርድ፣ ቆይቶም በፍርዱ እንዲያፍር ተደርጎ ነው። ስለዚህ የሐሳብ ለውጡ ራሱ መመርመር ያለበት ጉዳይ ይሆናል። ምን ያህሉ ከመጽሐፉ አሠራር መጣ? ምን ያህሉ አንባቢው ይዞት የገባው ነው?

አንድ ጋብቻ በሁለት ክፍል

ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የአሜሪካዊቷ ደራሲ ሎረን ግሮፍ «ፌትስ ኤንድ ፊዩሪስ» ነው። ልቦለዱ የታተመው በ2015 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱ የተወሰደው ከጥንቱ የግሪክና የሮም አፈ ታሪክ ነው፤ ፌትስ የሰውን ዕጣ የሚፈትሉ፣ ፊዩሪስ ደግሞ በቀልን የሚያደርሱ አማልክት ናቸው። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ነበር፤ በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት ባራክ ኦባማም የዓመቱ ምርጫቸው አድርገውታል። ሴራውን አስቀድሞ ማወቅ የማይፈልግ ሰው ይህን ጽሑፍ ልቦለዱን አንብቦ ቢመለስበት ይሻለዋል።

ሎቶና ማቲልድ በተዋወቁ በሁለት ሳምንት፣ በ22 ዓመታቸው ይጋባሉ። የመጀመሪያው ክፍል የሎቶ ነው። ሎቶ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው የሚከበው ወጣት ነው። ተዋናይ ለመሆን ዓመታት ኳትኖ አልሆነለትም፤ በኋላ ጸሐፌ ተውኔት ሆኖ ስሙ ይገናል። ማቲልድ በዚህ ክፍል ውስጥ አለች፣ ነገር ግን ከጀርባ ናት። ቤቱን ትይዛለች፣ ሠርታ ታኖረዋለች፣ ዝም ትላለች። ሎቶ ከልቡ ይወዳታል፤ ምን እንደምታስብ ግን ብዙም አይጠይቅም። አንባቢውም አይጠይቅም። ክፍሉን ሲጨርስ የሚቀረው ስሜት «መልካም ትዳር ነበር፣ እሱ ትንሽ ራሱን ይወዳል፣ እሷ ደግሞ ትንሽ ቀዝቃዛ ናት» የሚል ነው።

ሁለተኛው ክፍል ወደ ማቲልድ ይዞራል። ፈረንሳይ ስላሳለፈችው ልጅነት፣ የኮሌጅ ክፍያዋ በምን ዓይነት ውል እንደተሸፈነ፣ ለባሏ ሳትነግረው ስለኖረችው ሁሉ እንሰማለን። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንዲት ነገር የመጀመሪያውን ክፍል ወደ ኋላ ተመልሳ ታፈርሰዋለች። ሎቶ ጽፎ የሚተዋቸውን ተውኔቶች ማቲልድ ሌሊት ሌሊት ስታርም ኖራለች፤ እሱ አያውቅም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የአንባቢው ፍርድ የሚሰበረው እዚህ ነውና። ወደ ፊተኛው ክፍል የተመለሰ ሰው ቃሉ አንድም ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለውጦ ያገኘዋል። ሎቶ የራሱን ጽሑፍ አንብቦ በራሱ ችሎታ የሚደነቅበት ቦታ ቀድሞ የባለ ተሰጥኦ ኩራት ይመስል ነበር። አሁን በሌላ ሰው ድካም ላይ የተቀመጠ ሰው ቸልታ ይሆናል። የማቲልድ ዝምታም ባዶነቱ ይቀርና የሥራ ዝምታ ይሆናል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙን ብቻ መስማት አይቻልም። ልዩነቱ በቅኔ ይህ የሚሆነው በአንድ ስንኝ ውስጥ ሲሆን፣ እዚህ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች ተራርቆ መሆኑ ነው።

ደራሲዋ ጨርሳ አልደበቀችም። በትረካው መሀል በቅንፍ የተቀመጡ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ ከባልም ከሚስትም በላይ የሚያውቅ ድምፅ ነው የሚናገርባቸው። በጥንቱ የግሪክ ተውኔት መዘምራኑ የሚሠሩትን ሥራ ይሠራሉ፤ ጣልቃ ገብተው ያርማሉ፣ የሚመጣውን ይጠቁማሉ። «ተታለልኩ» የሚል አንባቢ እነዚህን ቅንፎች ያለፋቸው እንደ ጌጥ ቆጥሯቸው ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ የተናገረ ለምን ይታመናል?

የአንድ ወገን ሰምቶ መፍረድ ነውር መሆኑን የማያውቅ የለም። ልቦለድ ስናነብ ግን ሳናውቀው እናደርገዋለን። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ በ1946 ያሳተመው ጥናት ምክንያቱን በከፊል ያሳያል። አሽ ለተሳታፊዎቹ ስለ አንድ ሰው ስድስት ቅጽሎች ሰጣቸው፦ ብልህ፣ ታታሪ፣ ችኩል፣ ነቃፊ፣ ግትር፣ ምቀኛ። ለሌሎች ደግሞ ያንኑ ዝርዝር ገልብጦ፣ ከምቀኛ ጀምሮ ሰጠ። ቃላቱ ያው ናቸው፤ ከብልህ የጀመሩት ግን ሰውየውን ጥቂት ጉድለት ያለበት ጎበዝ አድርገው ሳሉት፣ ከምቀኛ የጀመሩት ችሎታውን ጠባዩ ያበላሸበት ሰው አድርገው አዩት። መጀመሪያ የመጣው ቃል ኋላ ለመጡት መፍቻ ሆነ።

የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ መናኼም ፔሪ በ1979 ይህን ግኝት ወደ ልቦለድ ንባብ አምጥቶታል። በእርሱ አመለካከት ጽሑፍ ትርጉም የሚሠራው በያዘው መረጃ ብቻ አይደለም፣ መረጃው በመጣበት ቅደም ተከተልም ነው። ጎበዝ ደራሲ አንባቢውን መጀመሪያ አንድ ግምት ያስይዘዋል፤ ግምቱ ሥር ከሰደደ በኋላ ያናጋበታል። በትዳር ታሪክ ላይ ይህ ዘዴ ልዩ ጉልበት ያገኛል፤ ምክንያቱም ትዳር በባሕርዩ ሁለት ምስክር ያለው፣ ምስክሮቹም የማይስማሙበት ጉዳይ ነው።

አለመስማማቱ የደራሲዎች ፈጠራ አይደለም። ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ በ1979 ባወጡት ጥናት 37 ባለትዳር ጥንዶችን ለየብቻ ጠየቁ፤ ቁርስ ከመሥራት፣ ዕቃ ከማጠብ ጀምሮ የቤቱ ሥራ ምን ያህሉ የእናንተ ነው ብለው። የባልና የሚስት መልስ ሲደመር በአብዛኞቹ ሥራዎች ከሙሉው በለጠ። እያንዳንዱ የራሱን ድካም በቅርብ ያየዋል፣ የሌላውን ግን በጨረፍታ። የሚገርመው ጠብ የሚጀምረው ማነው በሚለው ጥያቄም ላይ ሰዎቹ የራሳቸውን ድርሻ ማግዘፋቸው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ራስን ከማሞገስ ያለፈ ነው፤ ሰው የሚያስታውሰው ራሱ የነበረበትን ነው። የሶሲዮሎጂ ምሁሯ ጄሲ በርናርድ ከዚያ ቀደም ብላ፣ በ1972፣ በአንድ ጋብቻ ውስጥ ሁለት ትዳሮች እንዳሉ ጽፋ ነበር፤ የእሱና የእሷ። ሎቶ የሚተርከው ትዳር ውሸት አይደለም። እሱ የኖረበት ትዳር ነው።

የሚናገረው ማን ነው?

ከቅደም ተከተሉ የረቀቀ ሌላ ዘዴ አለ። በሥነ ጽሑፍ ሂስ ነፃ ኢ-ቀጥተኛ ንግግር ይባላል፤ ተራኪው በራሱ ድምፅ የሚናገር መስሎ የገጸ ባሕርይዋን ስሜትና አነጋገር የሚያሰማበት ስልት ማለት ነው። በምሳሌ ቢታይ ይቀላል።

«ባሏ አምሽቶ ገባ። ‹ዛሬም ይቅርታ ሊለኝ ነው› ስትል አሰበች።» እዚህ ሐሳቡ የማን እንደሆነ አያጠራጥርም። አሁን «ስትል አሰበች» የሚለውን እናንሳው፦ «ባሏ አምሽቶ ገባ። ዛሬም ይቅርታ ሊላት ነው።» በ«ዛሬም» ውስጥ ያለው ምሬት የእሷ ነው፤ «ሊላት» የሚለው ግን ከውጭ ሆኖ የሚያያት ሰው አነጋገር ነው። ምሬቱ ያለ ባለቤት ይቀራል፤ አንባቢውም እንደ ሐቅ ይቀበለዋል። ሰውየው በእርግጥ ሁልጊዜ ያመሻል? ወይስ ሚስቱ እንዲያ መስሏታል? ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም።

ይህ ስልት አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ቆሟል። ጉስታቭ ፍሎቤር ስለ አንዲት የሐኪም ሚስት የጻፈው «ማዳም ቦቫሪ» በ1856 መጨረሻ በመጽሔት ተከታትሎ ከወጣ በኋላ፣ ደራሲው በጥር 1857 ፓሪስ ውስጥ የሕዝብን ሞራልና ሃይማኖትን ነክቷል ተብሎ ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ ኤርኔስት ፒናር በክሱ ካነሳቸው ቦታዎች አንዱ ኤማ ከትዳሯ ውጭ ከሄደች በኋላ በመስተዋት ራሷን እያየች የምትፈነድቅበት ነው። ፒናር ክፍሉን ያነበበው ደራሲው ዝሙትን ሲያወድስ አድርጎ ነው። የመከላከያው መልስ ደግሞ ደስታው የኤማ እንጂ የደራሲው አይደለም የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በየካቲት 7 ቀን ፍሎቤርን በነፃ አሰናበተው፤ ከተግሣጽ ግን አልዳነም። (ፒናር በዚያው ዓመት ነሐሴ ባለቅኔውን ቦድሌርን ከስሶ ተሳክቶለታል።)

ከ110 ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ጀርመናዊው ምሁር ሐንስ ሮበርት ያውስ ይህን ችሎት መልሶ አነሳው። የጥበቃ አድማስ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ አንድ ዘመን አንባቢ መጽሐፍ ሲከፍት አስቀድሞ የሚጠብቀው ነገር፣ የለመደው የአተራረክ ወግና የሞራል ልማድ ሲደመር ማለት ነው። የ1857 አንባቢ ተራኪው የት ቆሞ እንደሚፈርድ እንዲነገረው ይጠብቅ ነበር። ፍሎቤር ፍርዱን ዝም ብሎ ተወው። ያውስ እንዳሳየው ያስደነገጠው የምንዝሩ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚኮንን አለመታወቁም ነው። ዛሬም «ደራሲዋ ይህን ታጸድቃለች» ተብሎ ሲጻፍ የሚሰማው የፒናር ድምፅ ነው፤ የገጸ ባሕርይዋን ሐሳብ አንስቶ በደራሲዋ ስም መመዝገብ።

ለአማርኛ አንባቢ በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ተርጓሚ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ግልጽ ላድርገው ብሎ «አለች»ና «አሰበች» ሲጨምርበት፣ ሳያስበው ጥፋተኛውን ይወስናል። የአክብሮት አጠራሩም ቀላል አይደለም። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ይበቃዋል፤ በአማርኛ ግን ሚስት ባሏን አንተ ትበለው ወይስ እርስዎ፣ ተራኪውስ እሱ ይበለው ወይስ እሳቸው፣ ተርጓሚው መጀመሪያው ገጽ ላይ መቁረጥ አለበት። ያቺ አንዲት ምርጫ ስለዚያ ትዳር ከአንድ ምዕራፍ በላይ ትናገራለች፤ ዋናው ጽሑፍ ግን ያንን አልተናገረም።

ሚስት ብዕር ስታነሳ

ሁለተኛው ድምፅ ሁልጊዜ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። ሌቭ ቶልስቶይ በ1889 የጨረሰው «ክሮይትዘር ሶናታ» ሚስቱን በቅናት የገደለ ሰው በባቡር ውስጥ ለተሳፋሪ የሚተርከው ታሪክ ነው። ሰውየው ትዳርን ራሱን ይኮንናል። ሚስቲቱ ሞታለች፤ ታሪኳን የምንሰማው ከገዳይዋ አፍ ነው። ሳንሱር ከለከለው፣ በእጅ እየተገለበጠ ግን ተዛመተ፤ ብዙ ሰውም የቶልስቶይ የራሱ ትዳር ነው ብሎ አነበበው።

ሶፊያ ቶልስታያ፣ የደራሲው ባለቤት፣ በዚህ እጅግ ተጎድታለች። ሆኖም በ1891 ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ሦስተኛ ዘንድ ቀርባ መጽሐፉ በቶልስቶይ የተሰበሰቡ ሥራዎች ውስጥ እንዲታተም ያስፈቀደችው እሷው ናት። ቀጥላም «የማን ጥፋት?» የሚል የራሷን አጭር ልቦለድ ጻፈች፤ ተመሳሳይ ታሪክ፣ በሚስት ወገን። ሥራው ሩሲያ ውስጥ ታትሞ የወጣው በ1994 ነው፤ ከተጻፈ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ። የባሏን ረቂቆች በእጇ ስትገለብጥ የኖረችው ሴት መልስ ለአንድ ምዕተ ዓመት ሳይነበብ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የ«ክሮይትዘር ሶናታ» አንባቢ ሐሳቡን ለመቀየር የሚያበቃው ሁለተኛ ክፍል አልነበረውም። የዛሬዎቹ ልቦለዶች ሁለቱን ወገን በአንድ ጥራዝ ሲሰፉ የሚሞሉት ይህንን ጎዶሎ ነው።

የአንባቢ ስሜት ማስረጃ ይሆናል?

ሐያስያን በዚህ ላይ አይስማሙም። ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1949 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ግጥም ምንድን ነው የሚለውና ምን ያደርጋል የሚለው መምታታት የለበትም ብለው ነበር። በእነርሱ መንገድ «መጀመሪያ ጠላኋት፣ ኋላ አዘንኩላት» ማለት ስለ አንባቢው እንጂ ስለ ልቦለዱ የሚነግረን የለም። ምክራቸው ይጠቅማል፤ ግማሹ የመጽሐፍ ክርክር አንባቢዎች የየራሳቸውን ትዳር የሚሟገቱበት ሜዳ ሆኗልና።

ሉዊዝ ሮዘንብላት ከ1938 ጀምራ፣ ቮልፍጋንግ ኢዘርም በ1970ዎቹ ሌላ መንገድ ይዘዋል። ኢዘር እንደሚለው ጽሑፍ ሆን ተብሎ የተተዉ ክፍተቶች አሉት፤ አንባቢው ይሞላቸዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ገጽ ደግሞ የሞላውን እንዲያርም ያስገድደዋል። በዚህ ዓይን የማቲልድ ዝምታ ክፍተት ነው፤ አንባቢው «ቀዝቃዛ ናት» ብሎ ሞላው፣ ሁለተኛው ክፍል አስተካከለው። ስህተቱ በሥራው ውስጥ የታቀደ ስለሆነ ስለ ሥራው ማስረጃ ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ ልቦለድ የኢዘር ሚዛን የተሻለ ይመስላል፤ ገደብ ግን አለው። ስታንሊ ፊሽ በ1980 እንዳስገነዘበው ክፍተት የምንለውን እንኳ የምናየው አብረናቸው የምናነብባቸው ሰዎች ባስለመዱን ዓይን ነው። ሚስት ዝም ማለቷ ተፈጥሯዊ በሚመስልበት የአንባቢ ማኅበር ውስጥ የማቲልድ ዝምታ ክፍተት መሆኑም አይታይ።

ሁለቱን የሚለይ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ሐሳቡን የቀየረ አንባቢ ያስቀየረውን ገጽ መጠቆም ከቻለ፣ ለምሳሌ የሌሊቱን እርማት፣ ለውጡ በአብዛኛው ከመጽሐፉ ነው። አንድም አዲስ ነገር ሳያነብ በ20 ዓመቱ የጠላትን ሴት በ40 ዓመቱ ከወደዳት ግን የተለወጠው እሱ ነው። ሁለቱም ንባብ ናቸው፤ ሂስ ሆኖ ሌላውን ሊያሳምን የሚችለው ግን የመጀመሪያው ነው።

ዕቅድ መሆኑ ሁሉን አያስምርም

ይህ ሁሉ ደራሲዎችን ከወቀሳ ነፃ አያወጣም። የ«ፌትስ ኤንድ ፊዩሪስ» የመጀመሪያ ክፍል በግብዣና በአድናቆት የተሞላ፣ አንዳንዴም የሚያሰለች ነው። አሰልቺነቱ ኋላ ለሚመጣው ዝግጅት ነው ቢባልም ሰውየው የተሰላቸበት ሰዓት አይመለስለትም። የማቲልድ ያለፈ ሕይወትም በመከራና በምስጢር ተጨናንቋል። ዝምታዋን ለማስረዳት ይህን ያህል አስፈሪ ታሪክ ባላስፈለገ ነበር፤ ምንም ምስጢር የሌላት ተራ ሚስት ብትሆንና ተውኔቶቹን ብቻ ብታርም ኖሮ፣ የአንባቢው ኀፍረት ይበልጥ በጠነከረ። አሁን ግን «አሃ፣ ለካ እንዲህ ሆና ነው» ብሎ የሚያመልጥበት በር ተከፍቶለታል።

በ2012 የወጣው የጊሊያን ፍሊን «ጎን ገርል» ወደ ሌላው ጫፍ ሄዷል። እዚያ ሚስቲቱ የጻፈችው የዕለት ማስታወሻ ባሏን ለማስወንጀል የተፈበረከ ሆኖ ይገኛል። ዌይን ቡዝ በ1961 የማይታመን ተራኪ ብሎ ስም ያወጣለት ነገር ነው፤ ቃሉ ከሥራው አጠቃላይ ሚዛን ጋር የማይገጥም ተራኪ ማለት ነው። ማቲልድና ሎቶ ከዚህ ይለያሉ፤ ሎቶ አይዋሽም፣ አያይም እንጂ። ክርክሩ ላይ ግን ሁለቱ ዓይነት እየተቀላቀሉ፣ ያላየ ሁሉ ዋሾ፣ ዝም ያለ ሁሉ መሰሪ ይባላል።

ሌላም ስህተት አለ፤ ጠንቃቃ አንባቢዎችን የሚይዘው ይኸኛው ነው። በፊተኛው ድምፅ ተሞኝቶ የነበረ ሰው ሁለተኛው ሲመጣ «እውነቱ ይኸው» ብሎ ሙሉ በሙሉ ይሻገራል። የመጨረሻውን ተናጋሪ ዳኛ ያደርገዋል። ማቲልድ ግን ምስክር ናት፤ ስለ ራሷ የምታስበውም በቁጣና በኀዘን የተቀለመ ነው። በመጀመሪያው ክፍል እሷ በሕይወት እያለች ዝም ብላ ነበር፤ የልቧን ማንም አልጠየቃትም። እሷ ስትናገር ደግሞ ባሏ የለም። ሎቶ በ46 ዓመቱ ሞቷል፣ መልስ መስጠት አይችልም።